ዘጠኙ ቀን የት ሄደ?

ጥያቄ፦ «የ28 ዓመት ወጣት ነኝ። ቀለም መቀባት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። የምሠራው በአብዛኛው ለገጣፎ፣ አያትና የካ አባዶ አካባቢ ነው። ሁለት ረዳቶች አሉኝ። ለእነሱ በቀን እከፍላለሁ፤ ከባለቤት ጋር ግን የምዋዋለው በካሬ ነው። በመስከረም አንድ አዲስ ጂ+1 ቤት በ15 ቀን አስረክባለሁ ብዬ 24 ቀን ፈጀብኝና ትርፉ በረዳቶቹ ክፍያ አለቀ። ቀለም እየጎደለብኝ ሦስት ጊዜ መርካቶ ተመላልሻለሁ፤ መጨረሻ የመጣው ባልዲም ከፊተኞቹ ትንሽ ለየት አለብኝ። በዚህ ላይ ጳጉሜን ውስጥ የተለሰነው ምድር ቤት ቦታ ቦታውን ነጭ ዱቄት አወጣና ባለቤቱ ቀሪ ክፍያዬን ያዘብኝ። ጓደኞቼ ተበድረህ የመርጫ ማሽን ግዛ ይሉኛል። ልግዛ? ወይስ ሦስተኛ ሰው ልጨምር?»

መልስ፦ ወንድማችን፣ ማሽኑንም ሦስተኛውን ሰውም ለጊዜው ተዋቸው። ከጻፍከው ውስጥ እጃችሁ ቀርፋፋ ነው የሚያሰኝ ነገር አላገኘንም። ዘጠኙ ቀን ያለቀው በመጠበቅ፣ በመመላለስና የተሠራውን በመድገም ነው። ማሽን ደግሞ እርጥብ ግድግዳ አያደርቅም፤ መርካቶም ተልኮ አይመጣም።

የተያዘብህ ገንዘብ ስላለ ከነጩ ዱቄት እንነሳ። ዱቄቱ ጨው ነው። ልስኑ ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ግድግዳው ፊት ሲወጣ ከሲሚንቶውና ከአሸዋው የሟሟውን ጨው ይዞ ይመጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው እዚያው ይቀራል። መንገዱን ቀለም ከዘጋበት ደግሞ ከሥር ይገፋና ቀለሙን ያሳብጠዋል፣ ይልጠዋል። የሲሚንቶ ልስን ቀለም ከመንካቱ በፊት ቢያንስ 28 ቀን ይፈልጋል። ጳጉሜን ውስጥ ተለስኖ መስከረም ላይ ከተቀባ 28 ቀኑም ሳይሞላ አልቀረም። ቁጥሩ ራሱ አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣ ብሎኬት ላይ የተለሰነ ግድግዳ ስድስት፣ አንዳንዴም ስምንት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። መስኮቱ መስታወት ገብቶለት ተዘግቶ የሚውል ቤት ከሆነ ከዚያም ይዘገያል።

እርጥበቱ ብቻም አይደለም። አዲስ ልስን እንደ ኖራ የሚያቃጥል ጠባይ አለው፤ የቀለሙን ማያያዣ ይበላል፣ ቀለሙንም ያደበዝዛል። በተለይ ኮሪደርና ደረጃ ላይ ከወለል እስከ ሜትር ተኩል ድረስ ዘይት ቀለም ቀባልኝ የሚል ባለቤት ካጋጠመህ ልስኑ ሳይበስል እንዳትሞክረው። ዘይቱ ከልስኑ ጋር ተገናኝቶ ሳሙና መሰል ነገር ይሆናል፤ ፊቱ ለሳምንታት እየተለጠፈ ይቆይና በኋላ በጥፍር ይነሳል።

መድረቁን በዓይን አትመን። ጥርት ያለ ላስቲክ 45 በ45 ሴንቲ ሜትር ቆርጠህ አራቱንም ጠርዝ በሰፊ ፕላስተር አሽገህ ግድግዳው ላይ ለጥፍ። ዛሬ ማታ 12 ሰዓት ላይ ከለጠፍከው ነገ ከሰዓት አንሳው፤ ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆይ። ከላስቲኩ ሥር ጠል ካለ ወይም የተሸፈነው ቦታ ከዙሪያው ጠቆር ካለ ግድግዳው ገና ነው። አንድ ቦታ ብቻ ሞክረህ አትለፍ፤ አንዱን ከወለል 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ፣ አንዱን ከመታጠቢያ ቤት ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ፣ አንዱን ፀሐይ በማያገኘው ጥግ ለጥፍ። እስኪደርቅ መስኮቱ ቀን ቀን ይከፈት። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ከሰል አንድዶ በር መዝጋት በየሰፈሩ የሚታይ ነገር ነው። የልስኑን ፊት ብቻ አድርቆ ውስጡን እርጥብ ይተወዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል። ዘበኛው እዚያው የሚያድር ከሆነ በተለይ።

አሁን የወጣውን ዱቄት በውሃ አትጠበው። ውሃ ጨዉን አሟሙቶ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፣ ሲደርቅም እንደገና ይወጣል። በደረቅና ጠንከር ባለ ብሩሽ አራግፈህ ጥረገው፤ የተላጠውን በስፓቱላ አንሳ፤ ሁለት ሳምንት ጠብቅና ድጋሚ አራግፍ። ካልተመለሰ ላስቲኩን ለጥፈህ ፈትሽ፤ ፈተናውን ካለፈ ለአዲስ ልስን የሚሆን ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ) ስጠውና ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ድገመው። የተበላሸውን ብቻ ብትነካካ ልጥፉ በሩቁ ይታያል። ዱቄቱ ከተመለሰና የሚወጣውም ከወለል እስከ ግማሽ ሜትር ባለው ከፍታ ብቻ ከሆነ ውሃው የሚመጣው ከመሠረቱ ነው። መረሬ አፈር ባለበት ሰፈር፣ የግቢው አፈር ከቤቱ ወለል ከፍ ብሎ የተደለደለ ከሆነ ወይም የጣሪያ ውሃ ከግድግዳው ሥር የሚወርድ ከሆነ ይኼ የተለመደ ነው። ያን ማስተካከል የባለቤቱ ሥራ ነው፤ አንተ ሦስት እጅ ቀለም ብትደርብበትም ይላጣል። ከባለቤቱ ጋር ስትነጋገር ላስቲኩን እሱ ባለበት ለጥፍ፣ እሱ ባለበት አንሳ። የላስቲኩን ጠል በዓይኑ ያየ ሰው ጋር መግባባት ይቀላል።

ወደ ምልልሱ እንምጣ። ከለገጣፎ መርካቶ ደርሶ መምጣት ግማሽ ቀንህን ይበላል፤ ሁለቱ ረዳቶች ደግሞ እስክትመለስ ተቀምጠው ይከፈላቸዋል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመርህ በፊት በሜትር ለካ። 4 በ4 የሆነ፣ ቁመቱ 2.80 የሆነ ክፍል ዙሪያው 16 ሜትር ነው፤ 16 ሲባዛ በ2.80 ወደ 44.8 ካሬ ይሆናል። በሩንና መስኮቱን፣ በግምት 3.7 ካሬ፣ ስትቀንስ 41 ይቀርሃል። ለስላሳ ስቱኮ (ከቀለም በፊት ግድግዳውን የሚያለሰልሰው ሙሌት) ላይ አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም (በውሃ የሚቀጥነው) ወደ 10 ካሬ ይሸፍናል፤ ሻካራ ልስን ላይ 6 ወይም 7 ቢደርስ ነው። ሁለት እጅ 82 ካሬ ነውና 8.2 ሊትር፤ አሥር በመቶ መጠባበቂያ ጨምርና 9 ሊትር ያዝ። ባልዲው ላይ የተጻፈው ኪሎ ነው ሊትር የሚለውንም እይ። ፕላስቲክ ቀለም በሊትር ከ1.3 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ 20 ኪሎ የሚል ባልዲ ውስጥ ያለው 14 ሊትር ገደማ ነው። ቀለም ጎደለብኝ ከሚሉት ብዙዎቹ ኪሎውን እንደ ሊትር ቆጥረው ነው የሚሳሳቱት። ለስቱኮ በአንድ ካሬ፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ወደ አንድ ኪሎ ዱቄት አስብ። የብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ቲነር፣ ጓንት የመሳሰሉትንም በዚያው ጻፋቸው፤ ባለቤቱ ገዢ ከሆነ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ስጠው።

የቀለም ልዩነቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የአንድ መለያ ቀለም ቢሆንም የተመረተበት ዙር ሲለያይ ትንሽ ይለያያል፤ በእጅ የተቀየጠማ አይነሳ። ለአንድ ፎቅ የሚበቃውን አንድ ላይ አምጣ፤ ባልዲው ላይ ያለው የምርት ዙር ቁጥር አንድ መሆኑን እይ። ከዚያ ሁሉንም ንጹሕ በርሜል ውስጥ ገልብጠህ አማስለው። በርሜል ከሌለህ የያዝከው ባልዲ ግማሽ ሲደርስ በአዲሱ ሙላው እንጂ ጨርሰህ አትጀምር። አዲስ ባልዲ መክፈት ግድ ሲሆን ደግሞ ግድግዳ መሀል ላይ ሳይሆን ጥግ ላይ አቁምና ቀጥል፤ ሁለት ግድግዳ ብርሃን የሚያገኝበት አቅጣጫ ስለሚለያይ ልዩነቱን ዓይን አይለየውም።

ትልቁ ብክነት ግን በሥራው ቅደም ተከተል ላይ ያለ ይመስለናል። ባዶ ቤት ውስጥ ክፍል በክፍል የሚጨርስ ቡድን በየክፍሉ ስቱኮ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ በየክፍሉ አቧራ ያነሳል፣ በየክፍሉ ብሩሽ ያጥባል። ፎቁን በሙሉ በሥራው ዓይነት ውሰደው፤ አንዱን ሥራ በሁሉም ክፍል ጨርሰህ ወደ ቀጣዩ እለፍ። ከላይ ጀምር፤ የደረጃው ቤት የመጨረሻ ይሁን፣ ሁሉም ሰው የሚመላለስበት እሱ ነውና። መጀመሪያ ኮርኒሱን፣ ቀጥሎ የሁሉንም ክፍል የመጀመሪያ ስቱኮ ስጥ። አራተኛውን ክፍል ስትጨርስ የመጀመሪያው ደርቆ ይጠብቅሃል። ስቱኮውን ከአንድ ሚሊ ሜትር አታወፍረው፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ተሻግረህ አውጣ። ባንድ ጊዜ የወፈረ ስቱኮ ይሰነጠቃል፣ ለመድረቅም ቀን ይወስዳል። ከጂፕሰም የሚበጠበጥ ከሆነ በሃያና ሠላሳ ደቂቃ የሚያልቀውን ያህል ብቻ በጥብጥ፤ የጠነከረውን ውሃ ጨምረህ እንደገና ብታሸው የሚተርፍህ ዱቄት ብቻ ነው። መታጠቢያ ቤትና የውጭ ግድግዳ ላይ የጂፕሰም ስቱኮ አይገባም፤ ውሃ ሲነካው ይፈርሳል። እዚያ በሲሚንቶ የሚሠራውን ተጠቀም።

ስቱኮው በሚደርቅበት ሰዓት ማንም አይቀመጥ። አንዱ ረዳት የኤልቲዜድ (የብረት) መስኮቱንና የደረጃውን ብረት በሽቦ ብሩሽ እየፈተገ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከለውን ቀለም) ይስጥ። የመጨረሻውን የዘይት ቀለም ግን ስቱኮው በሙሉ ተፈትጎ አቧራው እስኪጠረግ አታስነካው፤ እርጥብ ዘይት ቀለም ላይ ያረፈ የስቱኮ ብናኝ ተመልሶ ፍተጋ ነው። ፍተጋውን ለሁሉም ክፍሎች በአንድ ቀን አድርገው፣ መጀመሪያ በ120 ቀጥሎ በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት። ሰው መጨመር ካለብህ ያን ቀን ብቻ የቀን ሠራተኛ ያዝ፤ ለሁላችሁም የአፍ መሸፈኛ አትርሳ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ተለማመድ። ከፍተጋ በኋላ አምፖል በገመድ ይዘህ፣ መብራት ከሌለ የስልክህን ባትሪ፣ ከግድግዳው ጋር አስጠግተህ በጎን አብራው። ፊት ለፊት የማይታይ ጎድጓዳና የስፓቱላ መስመር ጥላ ጥሎ ይታያል። በእርሳስ እያከበብክ ያኔውኑ ሙላው። ባለቤቱ ጉድለቱን የሚያየው ከመጨረሻው ቀለም በኋላ፣ የጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ነው፤ ያኔ የሚደረግ ጥገና ሙሉ ግድግዳ ያስቀባል። አቧራውን በመጥረጊያ ካወረድክ በኋላ ውሃ ነክቶ በተጨመቀ ጨርቅ አብሰው። መዳፍህን ስታሻሸው ነጭ ከወጣ ገና ነው፤ ቀለም አቧራ ላይ ከተቀባ ከአቧራው ጋር ይነሳል።

ማቅጠን ላይም አንድ ቃል። ለመጀመሪያው እጅ፣ ግድግዳው እንዲጠጣው፣ ለ4 ሊትር ቀለም እስከ 1 ሊትር ውሃ ይበቃል። ቀጣዮቹ ከአሥር በመቶ እንዳያልፉ፤ ባልዲው ላይ ሌላ ከተጻፈ ግን ባልዲውን ስማ። ቀለም ይቆጠብ ብሎ ውሃ ማብዛት ሦስተኛ እጅ ያስገድዳል። 300 ካሬ ግድግዳ በሰዓት 20 ካሬ ብትቀባ 15 ሰዓት ነው፤ ሁለት የሥራ ቀን። የተረፈው ቀለም ያን ቀን አይከፍልልህም።

እጃችሁን በተመለከተ ብዙ የምንለው የለም፤ ስድስት ዓመት ሠርተሃል። ጥንድ ሆናችሁ ግን ሥሩ፦ አንዱ ጠርዙንና ጥጉን በብሩሽ ያወጣል፣ ሌላው ሳይደርቅ በሮለር ይከተለዋል። የክፍሉን ጠርዝ በሙሉ አስቀድሞ አውጥቶ በኋላ መሀሉን መሙላት ዙሪያውን እንደ ፎቶ ፍሬም ያስቀርበታል። ለስቱኮ ግድግዳ የሮለሩ ፀጉር ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር፣ ለሻካራ የውጭ ልስን 18 ይሁን። ሜትር ተኩል እጀታ ግጠምለት፤ 2.80 ግድግዳ ከመሬት ሆነህ ትጨርሳለህ፣ መሰላል በየሜትሩ ማንቀሳቀስ ይቀራል። ቀለም ሲያልቅበት አትጫነው፣ አጥቅሰው፤ መስመር የሚያወጣው ግፊት ነው። ከሳህን ይልቅ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ፍርግርግ አስገብተህ ብትሠራ በየአሥር ደቂቃው መሙላት የለብህም።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ስለሆንክ ደግሞ በየማታው ሮለር ማጠብ ቅንጦት ነው። ነገም ያው ቀለም ከሆነ ሮለሩንና ብሩሹን በፌስታል ጥብቅ አድርገህ ጠቅልል፤ አየር ካልገባው ለነገ ይደርሳል። ስታጥብም አስቀድመህ ቀለሙን በስፓቱላ ጨምቀህ ወደ ባልዲው መልስ፣ ከዚያ በሁለት ባልዲ እጠብ፦ አንዱ ለማውጫ፣ አንዱ ለማጥሪያ። አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ለማቅጠኛ ብቻ ለብቻው ይቀመጥ።

የውጭ ግድግዳ ላይ ሰዓትህን ፀሐይ ትወስንልህ። የጋለ ግድግዳ ውሃውን ቶሎ ይመጠውና የሮለር መደራረቢያው ይታያል። መዳፍህን ለጥፈህ መቆየት ካቃተህ ተወው። የምሥራቁን ከሰዓት በኋላ፣ የምዕራቡን ከቀትር በፊት ያዝ። አዲስ አበባ ዙሪያ ከመስከረም እስከ መጋቢት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ግን ወደ ሰሜን ናት። ስለዚህ በበጋ የደቡቡ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ይጠበሳል፤ ለደመናማ ቀን አቆየው ወይም ከመወጣጫው ላይ ሸራ ጋርድበት። ሰሜኑ በተቃራኒው ጤዛውን አያራግፍም፤ ከ6 ሰዓት በፊት አትንካው። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በዚያ ብርድ ፕላስቲክ ቀለም ደረቀ ሲባል እርስ በርሱ ሳይያያዝ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ከ3 ሰዓት ተኩል ጀምረህ 10 ሰዓት ላይ አቁም፣ ጤዛ ከመውረዱ በፊት እንዲይዝ። ጠዋትና ማታውን ለውስጥ ሥራና ለብረት አውለው። መሰላል ስታቆም ለአራት ሜትር ከፍታ እግሩን አንድ ሜትር ከግድግዳው አርቅ። የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ደግሞ የምትቆምበት ጣውላ ሁለት ይሁን፣ ጫፉም ይታሰር።

ማሽኑን በሚመለከት፦ አየር አልባ የሚባለው (ቀለሙን በአየር ሳይሆን በግፊት ብቻ የሚረጨው) መርጫ መስኮትና በር ያልገባለት፣ አንድ ዓይነት ቀለም የሚቀባ ባዶ ሕንፃ ላይ ጊዜ ይቆጥባል። መስታወት የገባለት መኖሪያ ቤት ላይ ግን በመርጨት ያተረፍከውን ጊዜ መስኮት በመሸፈን ትመልሰዋለህ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ቱቦው ውስጥ ያለው ቀለም ሳይደርቅ መውጣት አለበት፤ ያ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። ነፋስ ሲኖር ብናኙ የጎረቤት መኪና ላይ ያርፋል። አዲስ ልስን ላይ የተረጨው የመጀመሪያ እጅም ወደ ቀዳዳው እንዲገባ በሮለር ካልተከተሉት አይጨብጥም። ትልቅ ሥራ ካገኘህ አንድ ጊዜ ተከራይተህ ሞክር። 517 የሚል አፍንጫ ለፕላስቲክ ቀለም ይሆናል፤ 5ቱ የመርጫው ስፋት 10 ኢንች፣ 17ቱ የቀዳዳው መጠን 0.017 ኢንች መሆኑን ነው የሚያሳየው። ተበድሮ መግዛቱ በዓመት ስንት እንደዚያ ያለ ሕንፃ እንደሚመጣልህ ከቆጠርክ በኋላ የሚታይ ነው።

የሚቀጥለውን ውል ስትጽፍ ካሬው የሚለካው በርና መስኮት ተቀንሶ ነው ወይስ ሳይቀነስ፣ ስቱኮው ስንት እጅ፣ ቀለሙ ስንት እጅ እንደሆነ በግልጽ አስቀምጥ። ክፍያውን በሦስት ክፈለው፦ ስቱኮ ተፈትጎ ሲያልቅ፣ የመጀመሪያ እጅ ሲያልቅ፣ ሲረከብ፤ በየደረጃው ባለቤቱ አይቶ ይፈርም። የላስቲክ ፈተናውንም እንደ አንድ አንቀጽ አስገባው፤ ግድግዳው ፈተናውን እስኪያልፍ የቀን ቆጠራው አይጀምርም፣ ረዳቶችህንም ለዚያ ቤት አትጠራቸውም።